ሬይክያቪክ ወይስ ኦስሎ? በታዳሽ ኃይል የሚኖሩ ሁለት የሰሜን ዋና ከተሞችን ለሚመርጥ ተጓዥ

የአይስላንዷ ሬይክያቪክና የኖርዌይዋ ኦስሎ መብራታቸውን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከታዳሽ ምንጭ ያገኛሉ። አይስላንድ ውስጥ ከኤሌክትሪኩ 70 በመቶ ያህሉ ከወንዝ፣ ቀሪው ከምድር እንፋሎት ይመነጫል። ኖርዌይ ደግሞ ከ10 እጅ 9ኙን ያህል ከግድብ ውኃ ታገኛለች። ስለዚህ ሆቴል ገብቶ አምፖል በማብራትና ክፍል በማሞቅ በኩል ሁለቱን ማበላለጥ አያስኬድም። ልዩነቱን የሚያመጣው ከቤትዎ ተነስተው እስኪደርሱ፣ ከዚያም ከከተማው ወጥተው ሲዞሩ የሚቃጠለው ነዳጅ ነው። ይህ መመሪያ የሚያወዳድረውም በዋናነት እሱን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋና ክረምት የተባሉትም የአውሮፓ ወቅቶች ናቸው።)

የሚነሱበት ቦታ

አይስላንድ ደሴት ናት፤ በምድሯ ላይም አንድም የባቡር መስመር የለም። ኦስሎ ግን ከአውሮፓ የባቡር መረብ ጋር የተያያዘች ናት። ይህ አንድ እውነት አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር ሰው ምርጫውን ግማሽ በግማሽ ይወስንለታል። ከጎተቦርግ ኦስሎ በባቡር 4 ሰዓት አይሞላም፤ ከስቶክሆልም ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ከኮፐንሃገን የሚነሳ ጎተቦርግ ላይ ባቡር ይቀይራል። የስዊድንም የኖርዌይም ዋና ዋና መስመሮች በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ የጉዞው የካርቦን ልቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከለንደን ወደ ሬይክያቪክ በአውሮፕላን ቢሄዱ ደግሞ ደርሶ መልሱ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ መንገደኛ በኪሎ ሜትር 100 ግራም ብቻ ብናሰላ እንኳ 380 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሬይክያቪክ ደርሰው ሳምንት ሙሉ በእንፋሎት በሚሞቅ ክፍል ቢያድሩ ይህን አያካክሰውም።

በባቡር ለመሄድ ሲያቅዱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በበጋ፣ በተለይ በሐምሌ፣ በኦስሎ ዙሪያ ያሉ ሐዲዶች ለጥገና ለሳምንታት የሚዘጉበት ጊዜ አለ፤ መንገደኛውም በምትክ አውቶቡስ ይጓጓዛል። አውቶቡሱ ከባቡሩ ይዘገያል። ከዚያ ተከትሎ የሚሄድ ሌላ ባቡር ከያዙ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ተኩል ክፍተት ይተዉ። የኖርዌይን ባቡሮች ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳየው ኤንቱር የተባለው መተግበሪያ ነው፤ ቀኑን ሳያጣሩ አይክፈሉ።

ከጀርመን ኪል ወደ ኦስሎ 20 ሰዓት የሚጓዝ መርከብም አለ። ብዙ ሰው መርከብ ሁሉ ከአውሮፕላን ይሻላል ብሎ ያስባል። እንዲህ ያለው መርከብ ግን ሱቅ፣ ምግብ ቤትና መኝታ ተሸክሞ ነዳጅ እያነደደ የሚሄድ ተንሳፋፊ ሆቴል ስለሆነ፣ ያለ መኪና ለሚጓዝ ሰው ባቡሩ ይሻላል። ወደ አይስላንድም ከዴንማርክ ሂርትስሃልስ በፋሮ ደሴቶች በኩል ሳምንታዊ መርከብ አለ። የሚያወርደው ግን በምሥራቅ ጫፍ፣ ሰይዲስፊዮርዱር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሬይክያቪክ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይቀራል፤ ከወደቡ የሚያስወጣው ተራራማ መንገድም በክረምት በበረዶ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። መርከቡ የሚያዋጣው የራሱን መኪና ይዞ ሁለት ሦስት ሳምንት ለሚቆይ ቤተሰብ ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሳ ወገን ስሌቱ ይገለበጣል። ከዚያ እስከ ሬይክያቪኩ ኬፍላቪክ አየር ማረፊያ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እስከ ኦስሎ 6,200 ገደማ ነው። ስለዚህ ሬይክያቪክ በአንድ ጉዞ ብቻ 1,700 ኪሎ ሜትር ታሳጥራለች። ለዘመድ ጥየቃ ወደ አውሮፓ መሄድዎ የማይቀር ከሆነ ከሁሉ የሚሻል መንገድ አለ፦ የአይስላንዱ አየር መንገድ አይስላንድኤር መንገደኛው በመተላለፊያው እስከ 7 ሌሊት ሬይክያቪክ ቆይቶ እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ ለዚህም ተጨማሪ የአውሮፕላን ዋጋ አያስከፍልም። ቲኬቱን ሲገዙ «ስቶፕኦቨር» የሚለውን መምረጥ አለብዎት። ደርሶ መልስ ብለው ከገዙ በኋላ ልጨምር ማለት ብዙውን ጊዜ የቅያሪ ክፍያ ያስከትላል። በዚህ መንገድ ሬይክያቪክን ለብቻዋ የሚያስከፍል በረራ ሳይጨምሩ ያይዋታል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ኦስሎን ቢመርጥ ይሻለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኦስሎና ወደ ስቶክሆልም ይበራል፤ ወደ ሬይክያቪክ ግን ሌላ አውሮፕላን መቀየር ግድ ነው። መነሣትና ወደ ከፍታ መውጣት ደግሞ በደቂቃ ሲሰላ ከሁሉ የበለጠ ነዳጅ የሚበላው የበረራ ክፍል ነው። ከዱባይና ከዶሃም ወደ ኦስሎ ቀጥታ በረራ አለ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የሬይክያቪክ ስም «ጢስ ያለበት ወሽመጥ» ማለት ነው፤ ጢስ የመሰላቸው ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት ነበር። አዲስ አበባም በፍል ውኃ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1930 ከላውጋርዳሉር ፍል ውኃ 3 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ሙቅ ውኃ ተስቦ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ጥቂት ቤቶች ሞቁ። ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ ሥራው ተፋጠነ፤ ዛሬ በአይስላንድ ከ10 ቤቶች 9ኙ በምድር ሙቀት ይሞቃሉ። ከከተማው ግማሽ ሰዓት ርቆ የሚገኘው የሄሊሼይዲ የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ 303 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የእኛው አሉቶ ላንጋኖ በ1998 ሥራ ሲጀምር 7.3 ሜጋዋት ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን የጂኦተርማል (የምድር እንፋሎት ኃይል) ባለሙያዎችም ሥልጠናቸውን ያገኙት እዚያው አይስላንድ ውስጥ፣ በ1979 በተጀመረው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው። ለዚህ ሙያ ቅርበት ያለው ሰው ሬይክያቪክን ቢመርጥ በጣቢያው ውስጥ ያለው የጎብኚዎች ኤግዚቢሽን ብቻውን ግማሽ ቀን ይይዘዋል። ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃ ውስጥ አሟሙተው ወደ ጥቁር የባዛልት ዐለት የሚመልሱት እዚያ ነው፤ ጋዙ በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ወደ ድንጋይነት ይለወጣል።

ይህ ሙቀት ለእንግዳ ሁለት ጠባይ አለው። ከቧንቧ የሚወርደው ሙቅ ውኃ በብዙ ሰፈር እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይሸታል፤ ሽታው የሰልፈር ነው፣ ለገላ አይጎዳም። የብር ጌጥ ግን ያጠቁራልና የአንገት መስቀልዎን ሳይታጠቡ ያውልቁ። በሌላ በኩል ውኃው 80 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በቆዩ ቤቶች ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ከፍተው ከዚያ ሙቁን ይጨምሩ፤ ከልጆች ጋር ከሆኑ ይህን አይርሱ። ለመጠጥ ቀዝቃዛውን ከፍተው አንድ ደቂቃ ያህል ያፍስሱት። ንጹሕ የምንጭ ውኃ ስለሆነ የታሸገ ውኃ መግዛት ገንዘብም ፕላስቲክም ማባከን ነው።

ኦስሎ የምትሞቀው በኤሌክትሪክና ከቆሻሻ ማቃጠያ በሚገኝ ሙቀት ነው። ኖርዌይ ቤት በነዳጅ ዘይት ማሞቅን ከ2020 ጀምሮ ከልክላለች።

ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ

በዚህ ነጥብ ኦስሎ ትበልጣለች። ከጋርደርሙን አየር ማረፊያ መሀል ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሁለት ዓይነት ባቡር በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፦ ፍሊቶጌት የሚባለው ፈጣኑና ቪ የሚባለው መደበኛው። የጊዜ ልዩነታቸው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የመደበኛው ዋጋ ግን ግማሽ ያህል ነው። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው መጀመሪያ የሚያየው የፍሊቶጌት ማሽን ላይ ካርዱን ስለሚያስነካ ነው። የከተማው ትራንስፖርት የሩተር ቲኬት በቪ ባቡር ላይ ይሠራል፤ እስከ አየር ማረፊያው ያሉትን ዞኖች ካካተተ ነው እንጂ የመሀል ከተማው ዞን ብቻውን አይበቃም። በፍሊቶጌት ላይ ጨርሶ አይሠራም። ኦስሎ ፓስ የተባለው የጎብኚ ካርድም እስከ አየር ማረፊያው አያደርስም። በኦስሎ ጣቢያዎች መግቢያ ላይ የሚያግድ በር ስለሌለ ቲኬት ሳይገዙ መሳፈር ቀላል ነው፤ ተቆጣጣሪ ካገኘዎት ግን ቅጣቱ ከ1,000 ክሮነር በላይ ነው።

ከኬፍላቪክ ሬይክያቪክ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ፍላይባስ የተባለው አውቶቡስ የአውሮፕላኖችን መድረሻ ተከትሎ ይነሳል፤ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ስትራይቶ የሚባለው የሕዝብ አውቶቡስ ቁጥር 55 በዋጋ ይረክሳል፤ ብዙ ቦታ ስለሚቆም ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በሌሊትም አይሠራም። ከአሜሪካ የሚመጡ በረራዎች ብዙዎቹ ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ ስለሚያርፉ ለእነሱ ፍላይባሱ ይሻላል፤ በቀን ለሚደርስ ብቸኛ ተጓዥ ቁጥር 55 ይበቃዋል። በከተማው ውስጥ ለሚሄዱት አውቶቡሶች ክላፕ የተባለውን መተግበሪያ ከቤትዎ ሳይወጡ ይጫኑ።

ከከተማ ሲወጡ

አይስላንድ የሚሄድ ሰው ሬይክያቪክን ለማየት ብቻ አይሄድም። ፏፏቴውን፣ ፍል ውኃውን፣ የበረዶ ግግሩን ማየት ይፈልጋል፤ ወደነዚህ የሚወስድ ባቡር ደግሞ የለም። የታዳሽ ኃይሉ ስም የሚበላሸው በዚህ ነው። ወርቃማው ዙር የሚባለውን የቲንግቬትሊር ብሔራዊ ፓርክ፣ የጌይሲር ፍል ውኃና የጉልፎስ ፏፏቴ መንገድ እንውሰድ፤ ደርሶ መልሱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚበላ የቤንዚን መኪና 19 ሊትር ያቃጥላል፤ አንድ ሊትር 2.3 ኪሎ ግራም ስለሚለቅ 44 ኪሎ ይሆናል። ብቻዎን ከሆኑ 44ቱም የእርስዎ ነው፤ አራት ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ 11 ይደርሰዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍጣ የሚበላ የቱሪስት አውቶቡስ 40 ሰው ይዞ ቢሄድ ግን ለአንድ ሰው 5 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አራት ሰው ከጫነ የቤንዚን መኪና እንኳ የሞላ አውቶቡስ ይሻላል። ከሁሉ የሚያንሰው የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

እንግዲህ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆናችሁና በረዷማ መንገድ መንዳት የምትችሉ ከሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ተከራዩ፤ ካልሆነ በአውቶቡስ ሂዱ። የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች የታወቁ ናቸው፦

ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት የቻርጅ ማድረጊያ ካርድ ወይም መተግበሪያ ከኪራዩ ጋር መኖሩን ይጠይቁ። ኩባንያዎቹ ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ካርድ በሌላው ማሽን ላይ ላይሠራ ይችላል። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ደግሞ የተለየ ማሳሰቢያ አለ፦ በማደያና በቻርጅ ማሽን ላይ ባለ 4 አኃዝ የምሥጢር ቁጥር ያለው ካርድ ሊጠየቅ ይችላል፤ ብዙ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ግን ያ ቁጥር የለውም። ከመነሳትዎ ሳምንት ቀድሞ ባንክዎን ይጠይቁ ወይም ዴቢት ካርድ ይያዙ።

ብርድና ነፋስ ባትሪውን ከ20 እስከ 30 በመቶ ያዳክሙታል። 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው መኪና በጥር 280 ቢሄድ አይገረሙ። በበጋ ወርቃማው ዙር መንገድ ላይ ሳይቆሙ ያልቃል፤ በክረምት ሴልፎስ ከተማ ላይ ይሙሉ። ከ10 እስከ 80 በመቶ ያለው ቶሎ ይሞላል፤ ከ80 በላይ ያለው ግን ስለሚያዘግም 100 እስኪሆን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው፣ ከኋላ የተሰለፈውንም ያጉላላል።

ከ2024 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና በኪሎ ሜትር የመንገድ ክፍያ ይከፍላል፤ ሲጀመር 6 ክሮና ነበር። ኪራይ ድርጅቶች ይህን በመጨረሻው ሒሳብ ላይ ስለሚጨምሩ ዋጋ ሲያወዳድሩ አብረው ያስሉት። መኪናው ሲመለስ ባትሪው ስንት ፐርሰንት መሆን እንዳለበትም በውሉ ላይ ይመልከቱ።

ነፋሱ ደግሞ በር ይገነጥላል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ በአብዛኛው ኢንሹራንሱም አይሸፍነውም። መኪናውን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙ፣ በሩን በሁለት እጅ ይዘው ይክፈቱ። በፊደል «ኤፍ» የሚጀምሩ የደጋ መንገዶች ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ብቻ የሚገባባቸው ናቸው፤ ተከራይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ አይፈቀድላቸውም። ከመንገድ ወጥቶ ሣር ወይም የድንጋይ ሽበት (ዐለት ላይ የሚበቅል ለስላሳ አረንጓዴ ልባስ) ላይ መንዳት በሕግ ያስቀጣል። እዚያ አገር የጎማ ምልክት ያረፈበት የድንጋይ ሽበት እስኪያገግም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል።

መኪናም የቱሪስት አውቶቡስም ለማይፈልግ አንድ ጥሩ ቀን አለ። የሕዝብ አውቶቡስ ቁጥር 51 ወደ ክቬራጌርዲ ይሄዳል፤ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ከመንደሩ ወደ ሬይክያዳሉር ሸለቆ በእግር ይወጣል፤ ወንዙ ራሱ ሙቅ ስለሆነ ይታጠቡበታል። ከመኪና ማቆሚያው ሽቅብ 3 ኪሎ ሜትር፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ማቆሚያው ደግሞ ሌላ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ያስቡ። ሲሄዱ የመመለሻ አውቶቡሱን ሰዓት ፎቶ አንስተው ይያዙ። ከተሠራው መንገድ አይውጡ፤ ዳር ዳር ያለው ሸክላ አፈር ከሥሩ የፈላ ውኃ ሊኖረው ይችላል።

ኦስሎ በዚህ በኩል ጣጣ የላትም። ከመሀል ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) ቁጥር 1ን ተሳፍረው ፍሮግነርሰተረን ሲወርዱ ጫካ ውስጥ ነዎት። ወደ ፊዮርዱ (ወደ የብስ ዘልቆ የገባው ጠባብ የባሕር ክንድ) ደሴቶች የሚሄዱት ጀልባዎች በኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ የሚሠሩትም በዚያው የከተማ ቲኬት ነው። ተራራና ፊዮርድ ማየት ከፈለጉ በ1909 የተከፈተው የበርገን ባቡር 7 ሰዓት ያህል ወስዶ በ1,222 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ፊንሰ ጣቢያ በኩል ያሻግርዎታል። ሚርዳል ላይ ወርደው ወደ ፍሎም የሚወርደውን 20 ኪሎ ሜትር መስመር መጨመር ይቻላል። ቲኬቱን ከሁለት ወር ቀድመው ከገዙ ዋጋው በጣም ይለያያል። ኖርዌይን ለማየት መኪና መከራየት የማያስፈልግዎ ለዚህ ነው።

ፍል ውኃ፦ የትኛው?

በሬይክያቪክ የታወቀው ሰማያዊው ሐይቅ ወይም ብሉ ላጉን የተፈጥሮ ምንጭ አይደለም፤ የስቫርትሴንጊ ኃይል ማመንጫ ተጠቅሞ የለቀቀው ውኃ ነው። ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአቅራቢያው እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ስለፈነዳ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በየካቲት 2024 የእሳተ ገሞራው ፍሳሽ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ቆርጦ የአካባቢው ሕዝብ በብርድ ወቅት ያለ ማሞቂያ ቀርቶ ነበር። ከሄዱ ገንዘብ ተመላሽ የሚሆንበትን ቲኬት ይግዙ። ውኃው ውስጥ ያለው ሲሊካ ፀጉር ያደርቃል፤ ሹሩባ የተሠራችም ሆነ ፀጉሯን የለቀቀች ሴት ቀድማ ኮንዲሽነር ተቀብታ ከፍ አድርጋ ብታስር ይሻላታል።

የከተማው ሕዝብ የሚታጠብባቸው መዋኛዎች ግን በአውቶቡስ የሚደረስባቸው፣ በጣም ርካሽና በዚያው የምድር ሙቀት የሚሠሩ ናቸው። ላውጋርዳልስላውግ ሰፊው ነው፤ በ1937 የተከፈተው ሱንድሆትል ደግሞ መሀል ከተማ ይገኛል። ከ38 እስከ 44 ዲግሪ የሆኑ ትንንሽ ገንዳዎች አሏቸው፤ ከዝቅተኛው ይጀምሩ፣ 44ቱ ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆዩ። የሬይክያቪክ የጎብኚ ካርድ መዋኛዎቹንና የከተማ አውቶቡሶቹን ይሸፍናል፤ የአየር ማረፊያውን አውቶቡስ አይሸፍንም።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ሕጉ ነው፦ ከመግባት በፊት ልብስ ሳይለብሱ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። የሚታጠቡት ወንድና ሴት ተለያይቶ ነው። መታጠቡ ግዴታ የሆነው ውኃው ውስጥ ክሎሪን የሚጨመረው በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። የግል መታጠቢያ ክፍል ያላቸው መዋኛዎች ስላሉ ሲገቡ ይጠይቁ፤ ጥያቄው የተለመደ ስለሆነ አይፈሩ።

ማደሪያና ምግብ

በሬይክያቪክ ሆቴሉ ሁሉ የሚሞቀው በአንድ ዓይነት ውኃ ስለሆነ «አረንጓዴ ሆቴል» በሚል ስም ብቻ ተጨማሪ አይክፈሉ። በሁለቱም አገር የሚታመነው ምልክት ኖርዲክ ስዋን የሚባለው ነጭ ወፍ ያለበት አረንጓዴ ምልክት ነው። የግል ቤት ከተከራዩ በአይስላንድ ሕግ የግለሰብ ቤት በዓመት ከ90 ቀን በላይ ለእንግዳ ሊከራይ አይችልም፤ የምዝገባ ቁጥሩም በማስታወቂያው ላይ መታየት አለበት። ቁጥር የሌለውን ይተዉት፤ የነዋሪውን የቤት ኪራይ የሚያስወድደው እንዲህ ያለው ነው።

በጾም ወቅት የሚሄድ ሰው ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ይያዝ። በአይስላንድ ቲማቲም፣ ኪያርና ሰላጣ በምድር ሙቀትና በመብራት በሚሠሩ የመስታወት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ይበቅላሉ፤ ቦኑስና ክሮናን በተባሉት ሱቆች የአገሩን ባንዲራ ያለበትን ይምረጡ። ስኪር የተባለው እርጎ መሰል ምግብ የወተት ነው፣ በጾም አይበላም። በኦስሎ ግሮንላንድ ሰፈር የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ስለሚገኝ እንጀራ ይዞ መጓዝ አያስፈልግም።

ወቅትና ቪዛ

በሰኔ ሬይክያቪክ 21 ሰዓት ብርሃን አላት፤ በታኅሣሥ አጋማሽ 4 ሰዓት ያህል ብቻ። በራሱ መኪና መዞር የሚፈልግ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ይሂድ፤ የሰሜን ብርሃን የሚባለውን በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታይ ባለቀለም ብርሃን የሚፈልግ ከመስከረም እስከ መጋቢት ሄዶ መንዳቱን ለአውቶቡስ ሾፌር ይተው። በክረምት ኦስሎ ከሬይክያቪክ ይበልጥ ትቀዘቅዛለች፤ ሬይክያቪክ ግን በነፋሷ ትከፋለች፣ ጃንጥላ አይቋቋማትም። ነፋስ የማያስገባ ኮትና ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ይያዙ።

ሁለቱም አገሮች የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም ሼንገን በተባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ ናቸው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ቪዛ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ጉዞ የሚያይ ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው ብዙ ሌሊት ለሚያድርበት አገር ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገባበት። የሆቴል ቦታ ማስያዣዎ ከዚህ ጋር ካልተጣጣመ ማመልከቻው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሌሊቶቹን ቆጥረው ያስገቡ።